ባህር ዳርን በሲቲስ ስካይላይንስ ለመሥራት የትኛው ዲኤልሲ ይበቃል?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። «ሲቲስ ስካይላይንስ ጀምሬያለሁ፣ ባህር ዳርን አስመስዬ መሥራት እፈልጋለሁ፣ የትኞቹን ዲኤልሲዎች ልግዛ? ደግሞስ ጨዋታው ስለ እውነተኛ ከተማ የሚያሳውቀኝ ነገር አለ ወይስ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ነው?» ነው ያልከው። ለማያውቅ አንባቢ፦ ሲቲስ ስካይላይንስ በኮምፒውተር ከተማ የሚገነባበት ጨዋታ ነው፤ ዲኤልሲ ደግሞ ለብቻው የሚገዛ የጨዋታው ተጨማሪ ክፍል ነው። ሁለቱን ለያይተህ ብትጠይቅም ለእኔ አንድ ጥያቄ ናቸው። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ሥራዬ ቅየሳ ነው። ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ እጫወታለሁ። ባህር ዳርንም ማርቆስንም ደጋግሜ ሠርቻለሁ። አቋሜን መጀመሪያ ልንገርህ፦ እያንዳንዱ ዲኤልሲ ሠሪዎቹ «ከተማ ማለት ይህ ነው» ብለው ያሰቡትን አንድ ነገር ይዞ ይመጣል። ስትገዛው ሕንፃና መንገድ ብቻ አይደለም የምትገዛው። የእነሱን አመለካከትም አብረህ ትገዛለህ። ይህን ካወቅህ ምን እንደሚያስፈልግህ በቀላሉ ትመርጣለህ።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት በነፃው ጀምር። ትራፊክ ማኔጀር፣ ሙቭ ኢት፣ ኔትወርክ አናርኪ እና 81 ታይልስ የሚባሉት ሞዶች፣ ማለትም ተጫዋቾች ራሳቸው የሠሯቸው ማሻሻያዎች፣ ሁሉም ነፃ ናቸው። ያለ እነሱ የእኛን አገር ከተማ መሥራት ከባድ ነው። ሙቭ ኢት ሕንፃንና መንገድን እንደ ልብህ እንድታዞር ያስችልሃል። መንገዶቻችን በማስመሪያ የተሰመሩ ስላልሆኑ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ተጫዋቾች የሠሩትን ከሚያጋሩበት ከዎርክሾፕ ሕንፃ ስታወርድ ግን ተጠንቀቅ። ያየኸውን ሁሉ ካወረድህ ኮምፒውተርህ ራም ያልቅበታል፣ የኢንተርኔት ፓኬጅህም አብሮ ያልቃል።

ቀጥሎ መሬቱ። ካርታው 17.28 ኪሎ ሜትር በ17.28 ኪሎ ሜትር ነው። የከፍታ ካርታው 1081 በ1081 ፒክስል የሆነ ጥቁርና ነጭ ምስል ነው። አንዱ ፒክስል መሬት ላይ 16 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ከፍታው ደግሞ ከ0 እስከ 1,024 ሜትር ብቻ ነው። ባህር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች መጀመሪያ መሬቱን በሙሉ ዝቅ ማድረግ አለብህ። መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ችግር የለውም። ጎጃም ውስጥ ፈጽሞ የማይገባልህ ሌላ ቦታ አለ፤ የደጀን የዓባይ በረሃ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት ከ1,024 ሜትር ይበልጣል። በአውቶቡስ የወረደው ሰው ጆሮው ሲደፈን የሚያውቀውን ጥልቀት ካልቀነስህ ጨዋታው አይቀበልህም። ጣናንም ሙሉውን አትጠብቅ። ሐይቁ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚረዝም የደቡቡን ጥግ ብቻ ነው የምታገኘው።

አሁን ወደ ዲኤልሲዎቹ። ለባህር ዳር እኔ ሦስት ብቻ እመክርሃለሁ።

አንደኛው አፍተር ዳርክ ነው። የብስክሌት መስመር ያመጣው እሱ ነው። ባህር ዳርን ያለ ብስክሌት መሥራት አይሆንም። ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ዳቦ አከፋፋዩ በብስክሌት ነው የሚሄደው። በጨዋታው መስመር ከዘረጋህና ብስክሌትን የሚያበረታታውን ፖሊሲ ከከፈትህ ሰዉ መኪናውን ትቶ ሲወጣ በዓይንህ ታያለህ። ታክሲም ከዚሁ ጋር አለ፤ ግን አንድ ሰው ጠርቶ ብቻውን የሚሄድበት ታክሲ ነው። የእኛ ባጃጅ እንደዚያ አይሠራም። ባጃጅ ሦስትና አራት ሰው ይዞ መስመር ይሠራል፣ መንገድ ላይ «ወራጅ» ሲባል ይቆማል፣ ደግሞ ኮንትራት ካልከው ቤትህ በር ድረስ ይሄዳል። አውቶቡስም ታክሲም ነው። ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ከዎርክሾፕ ማውረድ ትችላለህ። መልኩን ታገኛለህ፣ ሥራውን ግን አታገኝም።

ሁለተኛው ማስ ትራንዚት ነው፣ ለጀልባዎቹ ስል። ሦስተኛው ፕላዛስ ኤንድ ፕሮሜናድስ ነው። የእግረኛ ጎዳና ይሰጥሃል። ዕቃና ቆሻሻ ደግሞ በመኪና ሱቅ በር ድረስ ሳይገባ ዳር ላይ ባለ ማዕከል ይረከባል። ገበያ ለመሥራት ከዚህ የሚቀርብ ሌላ መንገድ አላገኘሁም። ሰንሴት ሃርበርን ዓሣ ማጥመጃ ስላለው ብትጨምረው ጥሩ ነው፤ ግዴታ ግን አይደለም። ስኖውፎልን ተወው፣ በረዶ ለእኛ ምን ያደርግልናል። ፋይናንሺያል ዲስትሪክትስንና ኤርፖርትስን ለሌላ ከተማ አቆያቸው።

ልብ ብለህ የምትገነባ ከሆነ እውነተኛውን ከተማ የሚያሳይህ ጨዋታው እምቢ የሚልህ ቦታ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልንገርህ፣ ዋናው ጉዳይ ይህ ነውና።

ጨዋታው መሬትን በቀለም ይከፋፍላል። አረንጓዴው መኖሪያ፣ ሰማያዊው ንግድ፣ ቢጫው ኢንዱስትሪ። እያንዳንዱ ካሬ 8 ሜትር በ8 ሜትር ነው። ከመንገዱ ወደ ውስጥ አራት ካሬ ማለትም 32 ሜትር ብቻ ይቀባል። መኖሪያን ከንግድ፣ ንግድን ከፋብሪካ በሕግ መለየት አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው በተለይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1926 ካጸደቀው ወዲህ ነው። የከተማ ጨዋታዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ከወጣው ከሲምሲቲ ጀምሮ ያንን ሐሳብ እንዳለ ወስደውታል። እኛ ጋ ግን አንድ ግቢ ውሰድ። ማርቆስ ውስጥ አስፋልት ዳር ያለ ተራ ግቢ። ከፊት የቆርቆሮ በር አለ። ከበሩ በስተቀኝ ሱቅ፣ በስተግራ ፀጉር ቤት። በሩን አልፈህ ስትገባ በአንድ ወገን የተደረደሩ የኪራይ ክፍሎች አሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና አዲስ የተቀጠረ አስተማሪ የሚኖሩባቸው። መሀል ላይ የውኃ ቧንቧና የልብስ ማስጫ ገመድ። ወደ ኋላ የባለቤቷ ቤት፣ ከጎኑ እንጀራ መጋገሪያ። እንጀራው ለቤት ብቻ አይደለም፣ ለሆቴልም ይሸጣል። ጓሮ ውስጥ ጌሾ፣ ጎመን፣ ሁለት በግ።

ይህን ግቢ ምን ቀለም ትቀባዋለህ? መኖሪያ ካልከው ሱቁ ይጠፋል። ንግድ ካልከው ሰዎቹ ይጠፋሉ። መጋገሪያው ኢንዱስትሪ ነው፣ ጓሮው እርሻ ነው። ጨዋታው ይህን ማየት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሁለተኛው እትም መኖሪያና ንግድ የተቀላቀለበት ሕንፃ አምጥቷል። እሱም ግን ከታች ሱቅ ከላይ አፓርታማ ያለው ፎቅ ነው፣ ግቢ አይደለም።

ሌላው እምቢ የሚልህ ነገር የገበያ ቀን ነው። በጨዋታው ከተማህ ከውጭ ዓለም ጋር የሚገናኘው በአውራ ጎዳና፣ በባቡር፣ በመርከብና በአውሮፕላን ነው። ከካርታው ጠርዝ በእግሩ የሚገባ ሰው የለም። ጎጃም ውስጥ ደግሞ በገበያ ቀን ጠዋት ከተማ መግቢያ ላይ ቁም። ጤፍ የጫነ አህያ፣ ዶሮ በእጇ አንጠልጥላ የምትገባ ሴት፣ የባሕር ዛፍ እንጨት የጫነ ጋሪ፣ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ከነበትሩ። ከተማው የሚበላው ከዚያ ነው የሚመጣው። ከሰዓት በኋላ ጨው፣ ሳሙናና ጨርቅ ገዝተው ይመለሳሉ። ቁጥራቸው የነዋሪ መዝገብ ላይ የለም፣ ከተማውን ግን የሚያቆሙት እነሱ ናቸው። ኢንዱስትሪስ የሚባለው ዲኤልሲ እርሻ አለው። ምርቱን ግን የሚያመላልሰው የጭነት መኪና ነው።

ክረምቱንም ልጨምርልህ። በጨዋታው ዝናቡ ለዓይን ነው፣ ቦይ አይሞላም። ሐምሌ ላይ ማርቆስን ያየ ሰው የሰፈር ጥሩነት የሚለካው መጀመሪያ በፍሳሽ ቦዩ መሆኑን ያውቃል።

ይህን ሁሉ የምልህ ጨዋታውን ለማጣጣል አይደለም። በጣም ጎበዝ የሆነበት ነገርም አለ። የውኃ መሳቢያህን ከቆሻሻ መልቀቂያህ በታች፣ በወንዙ ፍሰት አቅጣጫ ብታደርገው ከተማው በሙሉ ይታመማል። ዓባይ ከጣና የሚወጣው እዚያው ባህር ዳር ላይ ስለሆነ ማን ከላይ ማን ከታች እንደሆነ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታይሃል። የቲስ ዓባይ ሰው ከማን በታች እንደሚጠጣ ታስባለህ።

ድልድዩም እንደዚሁ። ባህር ዳር ለብዙ ዘመን መሀል ከተማውን ከዓባይ ማዶ የሚያገናኘው አንድ ድልድይ ነበር። መጀመሪያ በአንድ ድልድይ ገንባውና ሰልፉን እይ። ቀጥለህ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀውን 380 ሜትር ርዝመት ያለውን አዲሱን ድልድይ ጨምር። ልዩነቱን በደቂቃ ታየዋለህ። አንድ ነገር ግን እወቅ። የጨዋታው መኪና መንገዱን የሚመርጠው ሲነሳ ነው። ከዚያ በኋላ ቢጨናነቅም አይቀይርም፣ እዚያው ይሰለፋል። የእኛ ባለባጃጅ ግን ከሩቅ አይቶ በውስጥ ለውስጥ ይጠመዘዛል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ያየኸውን መጨናነቅ እንዳለ ወደ እውነተኛው ከተማ አታምጣው።

ስለ መልክ ደግሞ የሚከነክነኝን ልንገርህ። ለመጀመሪያው እትም ሞደርን ጃፓን የሚባል ፓክ፣ ማለትም የአንድ አካባቢ መልክ ያላቸው ሕንፃዎች ስብስብ፣ አለ፣ የጃፓን ባቡሮች ራሱን የቻለ ሌላ ፓክ አላቸው፣ ለኮሪያም አለ። ለአህጉራችን አፍሪካ ኢን ሚኒየቸር የሚባል አንድ ፓክ ነው ያለው። ለሁለተኛው እትም በነፃ የተለቀቁት 8 የአካባቢ ፓኮች ደግሞ የፈረንሳይ፣ የጀርመን፣ የብሪታንያ፣ የጃፓን፣ የቻይና፣ የምሥራቅ አውሮፓና ሁለት የአሜሪካ ናቸው። ጨዋታውን የሠራው ታምፔሬ፣ ፊንላንድ ያለ ኮሎሳል ኦርደር የሚባል ስቱዲዮ ነው። ሰው የሚያውቀውን ይሠራል፣ እሱን አልወቅስም። እኔን የሚያሳስበኝ የእኛ ልጆች ናቸው። «ዘመናዊ ባህር ዳር» ብለው የሚለጥፉትን ስክሪንሾት ሳይ መጀመሪያ የሚጠፋው ግቢው ነው፣ ቀጥሎ ጉሊቱ፣ ከዚያ ሐይቁ ዳር ያለው ዛፍ። በቦታው የመስታወት ፎቅ ይቆማል። ይህ ምርጫ ከስክሪን ላይ አይቀርም። ነገ ከእነዚህ ልጆች አንዱ የማዘጋጃ ቤት ፕላን ላይ ይፈርማል።

ስለዚህ ጉዳዩ ከተማን እንዴት እንደምናየው ነው። ኬቨን ሊንች የሚባል አሜሪካዊ የከተማ ፕላን ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው ጥናት የቦስተን፣ የጀርሲ ሲቲና የሎስ አንጀለስ ነዋሪዎች ከተማቸውን በአእምሯቸው እንዴት እንደሚይዙት ጠይቆ ነበር። መልሶቹን በአምስት ከፈላቸው፦ መንገድ፣ ጠርዝ፣ ሰፈር፣ መገናኛ ቦታና ምልክት። ባህር ዳር ላይ ሞክረው። ጠርዙ ጣና ነው። መንገዱ ዘንባባ የተተከለበት ሰፊው ጎዳና ነው። ምልክቱ ጊዮርጊስ ነው፤ ሰው አቅጣጫ ሲነግርህ ከጊዮርጊስ ይጀምራል። ሰፈሩ ዓባይ ማዶ ነው። እነዚህ ቦታቸውን ከያዙ ሕንፃዎቹ የአውሮፓ ቢሆኑ እንኳ ያገር ልጅ ስክሪንሾቱን አይቶ ያውቀዋል። ከሌሉ ግን ምንም ዓይነት ፓክ ብትገዛ አያውቀውም።

ችግሩ ጨዋታው የሚያስቀምጥህ ከላይ ነው። ከተማውን እንደ አሞራ ታየዋለህ። ከላይ የሚያምረው ሰፊ መንገድ ከታች ለሚያቋርጠው እግረኛ ምን እንደሆነ አይታይህም። ለዚህ መድኃኒቱ ፈርስት ፐርሰን ካሜራ የሚባለው ነፃ ሞድ ነው። የሠራኸውን ከተማ በአንድ እግረኛ ዓይን ተከተለው። ከቤቱ እስከ ገበያ ሂድ። ጥላ አለ? መቀመጫ አለ? ግድግዳ ብቻ ነው ወይስ በር አለ? ከዚያ ጫማህን አድርገህ በእውነተኛው መንገድ እንደዚያው ሂድ። እኔ ማርቆስን በትክክል ማየት የጀመርኩት ሁለቱን እያፈራረቅሁ ነው። በቅየሳ መሣሪያ ስንት ጊዜ ያለፍኩበት መንገድ ላይ የሰው መቀመጫ የሆነ የድንጋይ አጥር እንዳለ ያስተዋልኩት ያኔ ነው።

ለግቢው ጉዳይ የምጠቀምበትን ዘዴ ልስጥህና ላብቃ። የመንገዱን ዳር በአንድ ካሬ ጥልቀት ብቻ ንግድ ቀባው። ከኋላው ጠባብ የእግረኛ መንገድ አስገባና አነስተኛ መኖሪያ ቀባ። ሕንፃዎቹን በሙቭ ኢት አጠጋጋቸው፣ መሀሉን ባዶ ተወው፣ ዛፍ ትከልበት። አጥሩን ከዎርክሾፕ ታገኛለህ። ከላይ ሲታይ የተዝረከረከ ይመስላል፣ በእግረኛ ካሜራ ስትገባ ግን ግቢ ሆኖ ታገኘዋለህ። ዲኤልሲዎቹን ደግሞ በሙሉ ዋጋ አትግዛ፣ በየጊዜው ትልልቅ ቅናሽ ይወጣል። የባህር ዳርን የከፍታ ካርታ ከነማስተካከያው አዘጋጅቼዋለሁ፤ ከፈለግህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝና እልክልሃለሁ። የዓባይ መውጫው ላይ ውኃው በትክክል እንዲፈስ የምንጩን ከፍታ እንዴት እንዳስተካከልኩም አብሬ እጽፍልሃለሁ።