ጫማ ሊሰቅል ለተቃረበውና አሰልጣኝነትን ላሰበው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 31 ዓመት ሞልቶሃል፤ በ10 ዓመት ውስጥ 6 ክለቦችን አዳርሰሃል፤ ጉልበትህ በልምምድ ማግስት ማበጥ ጀምሯል። «ስሙ ያልታወቀ ተጫዋች አሰልጣኝ ቢሆን የሚሰማው አለ ወይ? ትምህርቱንስ አሁን ልጀምር ወይስ ጫማ ከሰቀልኩ በኋላ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ በመሀል ተከላካይነት ለ13 ዓመታት በ8 ክለቦች፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛና በሦስተኛ ዲቪዚዮን፣ ተጫውቻለሁ፤ አሁን በአሰልጣኝነት ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ስለዚህ የምመልስልህ ካለፍኩበት ተነስቼ ነው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ባጭሩ ልለፈው፤ አንተን የሚያስጨንቅህን ያህል ከባድ አይደለምና። ቶማስ ቱሄል የጉልበት ጉዳት በ25 ዓመቱ መጫወት ሲያስቆመው ከጀርመን ሁለተኛና ሦስተኛ ዲቪዚዮን ያለፈ ታሪክ አልነበረውም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ግን ከቼልሲ ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን አነሳ። ሄርቬ ሬናርድ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ በጽዳት ሥራ ይተዳደር የነበረ ሰው ነው፤ የአፍሪካ ዋንጫን በ2012 ከዛምቢያ፣ በ2015 ደግሞ ከኮትዲቯር ጋር በማንሳት ከሁለት የተለያዩ አገሮች ጋር ያሸነፈ የመጀመሪያው አሰልጣኝ ሆኗል። አሪጎ ሳኪማ በፕሮፌሽናልነት ጭራሽ ሳይጫወት ኤሲ ሚላንን በ1989 እና በ1990 በተከታታይ የአውሮፓ ሻምፒዮን አድርጎታል። እኔ እንዳየሁት ታዋቂ ስም የሚጠቅመው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው፤ ከዚያ በኋላ ተጫዋቾች የሚመዝኑህ ልምምድህ ግልጽ ስለመሆኑና በሳምንቱ ውስጥ የነገርካቸው ነገር በጨዋታው ቀን ስለመታየቱ ነው።

ይልቅ አንተ ያልጠየቅከውን፣ እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመውን ላንሳ። ከክለብ ክለብ የተዘዋወረ ተጫዋች ከኮከቡ አስበልጦ የሚያውቀው ነገር ቢኖር የተጠባባቂ ወንበርን ነው። ሁልጊዜ በቋሚ አሰላለፍ ውስጥ የኖረ ሰው፣ ከ25 የቡድኑ አባላት መካከል ያልጀመሩት 14ቱ በጨዋታው ማታ ምን ተሸክመው ቤታቸው እንደሚገቡ አያውቅም። እኔና አንተ እናውቃለን።

በአራተኛው ክለቤ የነበረው አሰልጣኝ አሰላለፉን የሚያሳውቀን በመልበሻ ክፍሉ በር ላይ በሚለጥፋት ወረቀት ነበር። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈች፣ ከላይ በአንድ ቁራጭ ፕላስተር የተያዘች ወረቀት ነበረች፤ ሁላችንም እንደ ፈተና ውጤት በትከሻ እየተገፋፋን ስማችንን እንፈልግባታለን። 11 ጨዋታዎችን በተከታታይ ከጀመርኩ በኋላ አንድ ቀን ስሜን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ፈልጌ አጣሁት። አሰልጣኙ በኮሪደሩ ሲያልፍ ሰላም ብሎኝ ሄደ። ምክንያቱን እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ በዚያ የውድድር ዓመት ቀሪ ጨዋታዎች ለእርሱ በሙሉ ልቤ መሮጥም አልቻልኩም። በስድስተኛው ክለቤ ያገኘሁት አሰልጣኝ ደግሞ በጨዋታው ዋዜማ፣ ልምምድ አብቅቶ ኮኖችን ሲሰበስብ፣ ጠራኝና «ነገ አትጀምርም፤ አጥቂያቸው ፈጣን ስለሆነ ከጀርባህ የሚቀረው ቦታ ያሰጋኛል። ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ረጅም ኳስ መጣል ሲጀምሩ ግን የምፈልገው አንተን ነው» አለኝ። ተናድጄ ነው ያደርኩት። ሆኖም በ70ኛው ደቂቃ ተቀይሬ ስገባ ለምን እንደገባሁ አውቅ ነበር፤ የመጣውንም ረጅም ኳስ ሁሉ በጭንቅላቴ መለስኩ። ንግግሩ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ራሴም ያንኑ ጥፋት ሠርቻለሁ። ከ17 ዓመት በታች ቡድን በተረከብኩበት በመጀመሪያው ዓመት አንድ የመስመር አጥቂ ኳስ ስንነጠቅ ወደ ኋላ ስለማይመለስ ለሦስት ጨዋታዎች አስቀመጥኩት፤ ምክንያቱን ግን «ይገባዋል» ብዬ ሳልነግረው ቀረሁ። በአራተኛው ሳምንት ልጁ ከልምምድ ቀረ። ስደውልለት «ኮች፣ የማልረባ ከሆነ ለምን አይነግሩኝም?» አለኝ። ተመለሰ፤ በእኔ ላይ የነበረው እምነት ግን ወደ ቀድሞው ለመመለስ ወራት ፈጅቶበታል፤ ጥፋቱም ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ የማላሰልፈው ተጫዋች ሁሉ ዜናውን ከማንም በፊት ከእኔ አፍ ይሰማል፤ ለምን እንደማይጀምር፣ ምን ቢያሻሽል እንደሚጀምር፣ ተቀይሮ ቢገባም ምን እንደምጠብቅበት እነግረዋለሁ።

ቀጥሎ የሚያስቸግርህ ነገር በእግርህ የምታውቀውን በአፍህ መናገር ነው። እኔ የመከላከል መስመሩ መቼ ወደፊት እንደሚወጣና መቼ እንደሚያፈገፍግ ሳላስብ አደርገው ነበር። አንድ ወጣት ተከላካይ «አሁን መውጣት እንዳለብኝ በምን አውቃለሁ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ይሰማሃል» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም፤ ለልጁም አንዳች አልፈየደለትም። የራሴን የድሮ ጨዋታዎች ቪዲዮ እያስቆምኩ ሳይ ነው አይኖቼ ምን ይከተሉ እንደነበር የገባኝ። ኳሱን የያዘው ተጋጣሚ የሚጫነው ሰው ከሌለና አንገቱን ቀና አድርጎ እግሩን ወደ ኋላ ከሳበ ረጅም ኳስ ሊልክ ነውና እናፈገፍጋለን፤ ጀርባውን ከሰጠን ወይም ኳሱን ወደ ራሱ ግብ ከመለሰ ግን ወዲያው ከኋላችን ሊጥለው ስለማይችል ተያይዘን ወደፊት እንወጣለን። ይህችን ሁለት መስመር ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ስለዚህ ገና እየተጫወትክ ሳለ፣ በጨዋታ ውስጥ በደመ ነፍስ የምታደርገውን አንድ ነገር በየሳምንቱ መርጠህ ምን አይተህ እንዳደረግከው ጻፍ። ጉልበትህም ስለደከመ በማሳየት ብቻ ማስተማር አትችልም፤ ሲቆይ ይህ እንደሚጠቅምህ ታያለህ፤ ሠርቶ የሚያሳይ አሰልጣኝ ብዙ ጊዜ ማየት ይረሳል።

6 ክለብ ማለት ቢያንስ 6፣ ምናልባትም ከ10 በላይ አሰልጣኝ ማለት ነው። ይህ ሀብት የሚሆነው ከተጻፈ ብቻ ነው፤ እኔ ማስታወሻ መያዝ የጀመርኩት በ29 ዓመቴ በመሆኑ የመጀመሪያዎቹን አምስት አሰልጣኞቼን ልምምድ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ስትጽፍ የልምምዱን ስም ብቻ አትጻፍ። የሜዳውን ስፋት በሜትር፣ የተጫዋቾቹን ቁጥር፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየና ስንት ጊዜ እንዳረፋችሁ፣ አሰልጣኙ ስንት ጊዜ አስቁሞ ምን እንዳለ ጻፍ። 4 ለ 4 ጨዋታ በ20 በ15 ሜትር ቦታ ሲሆን ተጫዋቹ ጠባብ ቦታ ላይ በፍጥነት መወሰንን ይማራል፤ በ40 በ30 ሜትር ሲሆን ደግሞ ያው ጨዋታ በአመዛኙ የሩጫ ልምምድ ይሆናል። ወረቀት ላይ የሜዳው ልክ ከሌለ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ።

ስለ ትምህርቱ፦ አሁኑኑ ጀምር። እያንዳንዱ ኮንፌዴሬሽን፣ ማለትም የየአህጉሩ የእግር ኳስ አስተዳዳሪ አካል፣ የራሱ የአሰልጣኝነት ላይሰንስ (ፈቃድ) ደረጃዎች አሉት፤ በአፍሪካ ከዲ ተነስቶ በሲ፣ በቢና በኤ በኩል ወደ ፕሮ ይደርሳል፤ በአውሮፓ ደግሞ የቢ ላይሰንስ ቢያንስ 120፣ የኤ 180፣ የፕሮ 360 ሰዓት ይጠይቃል። ሰዓቱን በክፍል ውስጥ ተቀምጠህ ብቻ አትጨርሰውም፤ ቡድን ይዘህ ማሠራትና መገምገም አለብህ፤ ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ ለመሻገርም በመካከሉ በሥራ ላይ መቆየት ያስፈልጋል። ጫማ ከሰቀልክ በኋላ ብትጀምር ገቢህ በተቋረጠበት ሰሞን ዓመታት መጠበቅ ይሆንብሃል። እኔ የመጀመሪያውን ኮርስ በውድድር ዕረፍት ወቅት፣ ጉልበቴ በፋሻ ታስሮ ወስጄዋለሁ።

የት ልጀምር የሚለው ሌላ ነገር ነው። ክለብህ «እዚሁ ረዳት አሰልጣኝ ሁን» ቢልህ በደንብ አስብበት፤ ትናንት አብሮህ አሰልጣኙን ያማ የነበረ ጓደኛህን ዛሬ ከአሰላለፍ ማስወጣት ከባድ ነው። የሚሳካለት ሰው የለም ማለቴ አይደለም። ዩርገን ክሎፕ ለማይንዝ ከ300 በላይ የሊግ ጨዋታዎችን ተጫውቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ቡድኑ ከጀርመን ሁለተኛ ዲቪዚዮን ላለመውረድ ሲታገል በቀጥታ ከመልበሻ ክፍሉ ተነስቶ የጓደኞቹ አሰልጣኝ ሆነ፤ ከመውረድ አዳናቸው፤ ሁለት ዓመት በተከታታይ ለጥቂት ካመለጣቸው በኋላም በ2004 ወደ ጀርመን ከፍተኛው ሊግ፣ ወደ ቡንደስሊጋው፣ አሳደጋቸው። እንዲህ ያለው ሰው ግን ጥቂት ነው። እኔ ረዳት በሆንኩበት በመጀመሪያው ወር ከተጫዋቾቹ የቴሌግራም ቡድን አልወጣሁም ነበር፤ አንድ ማታ በዋና አሰልጣኙ ላይ የተጻፈውን አንብቤ፣ ለእርሱ ብነግረው ጓደኞቼን አሳልፌ ልሰጥ፣ ዝም ብል ደግሞ እርሱን ልከዳ ሆነ። አልነገርኩትም፤ በማግስቱ ከቴሌግራም ቡድኑ ወጣሁ፤ ለምን እንደወጣሁም ለሁሉም ፊት ለፊት ነገርኳቸው። አንተ ግን ከመጀመሪያው ቀን ውጣ። ከተቻለህ ደግሞ ማንም በተጫዋችነትህ በማያውቅህ ቦታ፣ በወጣት ቡድን ጀምር። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን እንኳ በ1974፣ በ32 ዓመቱ፣ የጀመረው በስኮትላንድ የታችኛው ዲቪዚዮን በነበረው በኢስት ስተርሊንግሻየር ነው።

ኑሮውን በተመለከተ የምደብቅህ ነገር የለም። ዋና አሰልጣኙ ሲሰናበት ረዳቱም አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይሰናበታል፤ በእኔ ላይ ሁለት ጊዜ ደርሷል። ከቤተሰብህ ጋር ስለዚህ አስቀድመህ ተነጋገር፤ ውል ስትፈርምም ዋናው አሰልጣኝ ቢለቅ የአንተ ቀሪ ወራት ምን እንደሚሆን በጽሑፍ እንዲሰፍር ጠይቅ። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ አልጠየቅሁም፤ የሦስት ወር ደመወዝ ሳላገኝ ቀረሁ።

በዚህ ሳምንት ከክለብህ የወጣት ቡድን አሰልጣኝ ጋር ተገናኝና በዕረፍት ቀንህ ማሟሟቂያውን ብቻ እንድታሠራ እንዲፈቅድልህ ጠይቀው። 15 ደቂቃ ይበቃሃል። ዕቅዱን ከፈለግህ እዚህ ለጥፈው፤ እኔም አነብልሃለሁ፣ በሙያው ያሉ ሌሎች አባላትም ሐሳባቸውን ይሰጡሃል። የሜዳውን ልክ መጻፍ ብቻ አትርሳ።