ክር ለምታቀልሙ ልጆቼ

የሽንኩርት ልጣጭ እየሰበሰባችሁ፣ እርድ እያፈላችሁ የእጅ ፈትል ማቅለም ጀመራችሁ አሉኝ። ደስ አለኝ። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ቀለም በከረጢት ይመጣል፣ ተመዝኖ ይጨመራል፣ አለቀ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የእናቴን እንዝርት አንስቼ እንደ እናንተው ጀማሪ ሆንኩ።

የመጀመሪያ ሥራዬ በእርድ ነበር። ምን የመሰለ ቢጫ መሰላችሁ! ለእህቴ ልጅ የነጠላ ጥለት አሠራሁበት። ገና በመጀመሪያው እጥበት ሳሙና ሲነካው ጥለቱ ቀላ። ልጅቷ ደንግጣ ደወለችልኝ። ሎሚ በተጨመቀበት ውሃ ስትነክረው ቢጫው ተመለሰ። የእርድ ጠባይ ነው፤ ሳሙና ያቀላዋል፣ ኮምጣጣ ይመልሰዋል። ፀሐይ የወሰደችውን ግን ሎሚም አልመለሰውም። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ጥለቱ ገረጣ። የማቅለሚያ ክፍል ሰው ሆኜ ቀድሜ አለመፈተሼ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ጥጥ ግትር ነው። የበግ ፀጉር ቀለም ቶሎ ይቀበላል፤ ጥጥ ግን የራሱ ሰም አለው፣ የፈታይዋ የእጅ ወዝም ይጨመርበታል። ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙና ውሃ አንድ ሁለት ሰዓት ቀቅሉት። ነጭ የመሰላችሁ ክር ውሃውን ሻይ ያስመስለዋል። ታዲያ ልቃቂቱን እንዳለ እንዳትከቱት፤ ውስጡ ሳይነካ ይቀራል። በወንበር መደገፊያ ላይ እያዞራችሁ ፍቱትና አራት ቦታ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት።

ከዚያ በሮማን ልጣጭ ውሃ አሳድሩት፣ በማግስቱ ደግሞ ቀለም የሚያስይዝ ጨው መሰል ማዕድን በሆነው በአሉም ውሃ። ለ100 ግራም ደረቅ ክር 15 ግራም አሉም ይበቃል። ልጣጩ ውስጥ ያለው አፍ የሚያጨማድድ ነገር፣ ታኒን የሚባለው፣ ጥጡን ይይዛል፣ አሉሙ ታኒኑን፣ ቀለሙ ደግሞ አሉሙን። ችኩሎች የሚዘሉት ይህንኑ ነው፤ ከዚያ ማቅለሚያውን ይወቅሳሉ።

የሽንኩርቱን ደረቅ ልጣጭ በክሩ ክብደት ልክ ስጡት። ልጣጭ ቀላል ስለሆነ 100 ግራም ለመሙላት ስንት ፌስታል ትሰበስባላችሁ! ምግብ ቤት ጎረቤት ያላችሁ ታድላችኋል። የዛገ ሚስማር የተዘፈዘፈበት ውሃ ጠብ ብታደርጉበት ቀለሙ ይጠቁራል፤ ሲበዛ ግን ክሩን ይበላዋል።

ለሰው ከመሸጣችሁ በፊት ቁራጭ ክር ግማሹን በካርቶን ሸፍናችሁ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ሦስት ሳምንት አስቀምጡ። አሁን የእኔ መስኮት ላይ በአደይ አበባ ያቀለምኩት አለ። ካርቶኑን ገና አልገለጥኩትም።