በወቅታዊ ሥራ እየኖራችሁ ተፈጥሮን ፎቶግራፍ ለምታነሡ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ ምርት በመሰብሰብ፣ ሌሎቻችሁ ጎብኚ በሚበዛበት ጊዜ በእንግዳ ማረፊያዎች በመሥራት፣ ወይም ችግኝ በመትከል ጥቂት ወራት ትሠሩና የቀረውን ዓመት በቆጠባችሁት ገንዘብ እየኖራችሁ ፎቶግራፍ ለማንሣት ትጥራላችሁ። እኔም ወደዚህ ሙያ የገባሁት በዚሁ መንገድ ስለሆነ፣ ሥራው ጊዜያችሁን እየወሰደባችሁ እንዴት ፎቶግራፍ አንሺ መሆን እንደምትችሉ ደጋግማችሁ ለምትጠይቁኝ ጥያቄ ያለኝን መልስ በጽሑፍ ላስቀምጥላችሁ ወደድሁ።

መልሴ፣ ፎቶግራፍ የምታነሡበትን ቦታ ከሥራ ቦታችሁ አትለዩት የሚል ነው። ብዙ ወጣቶች ኮንትራታቸው እስኪያልቅ ካሜራቸውን ሻንጣ ውስጥ ያስቀምጡና፣ ደመወዛቸውን ሲቀበሉ ስሙ ወደ ገነነ ሩቅ ስፍራ ተጉዘው፣ ሌሎች ደጋግመው ያነሡትን ያንኑ ገጽታ አንሥተው ይመለሳሉ። አንድን ወቅት ሙሉ በአንድ ሸለቆ ውስጥ የሠራ ሰው ግን ጭጋጉ መቼ እንደሚገፈፍ፣ የትኛው ዛፍ ቀድሞ እንደሚያብብ፣ ወፎቹ የተገለበጠውን አፈር ተከትለው ትል ለመልቀም ከየት በኩል እንደሚመጡ ያውቃል፤ ለጥቂት ቀናት ብቻ የመጣ ሰው ይህን ዕውቀት በምንም ገንዘብ ሊገዛው አይችልም። አሜሪካዊው የተፈጥሮ ፎቶግራፍ አንሺ አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. ከ1920 ጀምሮ ለአራት ተከታታይ የበጋ ወቅቶች በካሊፎርኒያ ዮሴሚቲ ሸለቆ የሚገኘውን ሴራ ክለብ የተባለውን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ቤት በጠባቂነት አገልግሏል። ስሙን ያስጠራለትን፣ ሃፍ ዶም የተባለውን የሸለቆውን ግዙፍ ዓለት ፎቶግራፍ ያነሣው በ1927 ሲሆን፣ ያን ጊዜ ዓለቱን ከብዙ ማዕዘን አጥንቶት ነበር።

ቀኑን ሙሉ በጉልበት ከሠራችሁ በኋላ ማታ ላይ ለመውጣት አቅም አይኖራችሁም፤ ስለዚህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያለችውን አንድ ሰዓት ያዙ። በየቀኑም መውጣት አያስፈልግም፤ በሳምንት ሁለት ጠዋት ይበቃል። ለምሳሌ ቢራቢሮ የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከውጭ ስለሆነ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ከነበረ ፀሐይ እስክታሞቀው ድረስ መብረር ያቅተዋል። ጤዛ ለብሶ፣ ክንፎቹን ገጥሞ ሣር ላይ እንደተጣበቀ ታገኙታላችሁ። ካሜራችሁን በትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ አድርጋችሁ የሌንሱን ፊት ከክንፉ ገጽ ጋር ትይዩ ካደረጋችሁት፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ነፋስ ከሌለም ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ (ሹተሩን) እስከ ግማሽ ሰከንድ ክፍት ማቆየት ስለሚቻል ፍላሽ አያስፈልጋችሁም። ፀሐይ እንደነካችው ክንፉን ዘርግቶ መሞቅ ይጀምራል፣ ከዚያም ብዙ ሳይቆይ ይበራል። እባካችሁ ቢራቢሮውን ወደ ተሻለ ቦታ ለማዛወር እጃችሁን አትስደዱ። ጎጆዋ ውስጥ የተቀመጠች ወፍ ስትሆን ደግሞ ጥንቃቄው ይበልጥ ይጸናል፤ ደጋግሞ የረበሻት ሰው ካለ እንቁላሏን ጥላ ልትሄድ ትችላለች፣ ጎጆውን የሸፈኑትን ቅጠሎች ገለል ማድረግም ለአዳኝ ማጋለጥ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ፎቶግራፍ ቢቀር ይሻላል።

ደመወዝ በእጃችሁ ሲገባ አስቀድማችሁ ሥራ የሌለባቸውን ወራት የቤት ኪራይና ቀለብ ለይታችሁ አስቀምጡ። ካሜራ በዱቤ አትግዙ፤ ገቢያችሁ ለወራት ሲቋረጥ የዕዳው ክፍያ አይቋረጥምና። ያገለገለ ካሜራ ከአንድ ጥሩ ሌንስ ጋር ለብዙ ዓመት ይበቃችኋል፤ በእርግጥ የሚያስፈልገው ያላችሁን ዕቃ መጠበቅ ነው። የወቅት ሠራተኞች ማደሪያ ብዙ ጊዜ እርጥበት ስለሚበዛበትና እርጥበት በሌንስ ውስጥ ሻጋታ ስለሚያበቅል፣ ሌንሳችሁን እርጥበት ከሚመጥጠው ሲሊካ ጄል ጋር በደንብ በሚገጥም ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ። ብርድ የባትሪን አቅም ይቀንሳልና መለዋወጫውን ባትሪ ከልብሳችሁ ሥር ያዙ፤ ከብርድ ወደ ሞቃት ክፍል ስትገቡ ደግሞ ካሜራው ላይ ጠል እንዳይቋጥር፣ ክፍሉን እስኪለምድ ድረስ በታሰረ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይቆይ። ከቦታ ወደ ቦታ ስለምትዘዋወሩ ሻንጣ ሊጠፋባችሁ ይችላል፤ ስለዚህ የፎቶግራፎቻችሁን ሁለተኛ ቅጂ አብሯችሁ በማይጓዝ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ።

ኮንትራት ከመፈረማችሁ በፊት በሥራው ቦታ ፎቶግራፍ ማንሣትና መሸጥ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። በብዙ ጥብቅ ሥፍራዎች ለንግድ የሚነሣ ፎቶግራፍ ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ድሮን ጨርሶ የሚከለከልባቸውም አሉ።

ሥራ የሌለባቸው ወራት የምርጫ ጊዜ ናቸው። ካነሣችሁት ውስጥ አብዛኛውን ወደ ጎን አድርጋችሁ፣ ለቀሩት ለእያንዳንዳቸው ቀኑን፣ ቦታውንና የእንስሳውን ወይም የዕፅዋቱን ትክክለኛ ስም ጻፉ። ይህን አሰልቺ ሥራ አትናቁት፤ ስሙና ቦታው በትክክል ያልተጻፈለትን የወፍ ፎቶግራፍ አንድ መጽሔት ወይም ተመራማሪ ሊጠቀምበት ይቸግረዋል።

ሥራችሁን ለመልቀቅም አትቸኩሉ። ሌላው አሜሪካዊ የተፈጥሮ ፎቶግራፍ አንሺ ጌለን ሮዌል የመኪና ጥገና ሥራውን ትቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ፎቶግራፍ የገባው እ.ኤ.አ. በ1972፣ ዕድሜው 30 ካለፈ በኋላ ነበር። እኔ የምመክረው መለኪያ፣ ከፎቶግራፍ የምታገኙት ገቢ ሥራ የሌለባቸውን ወራት ወጪ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት ቁጠባችሁን ሳይነካ መሸፈኑ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን በመጀመሪያው ዓመት የወቅቱን ግማሽ ብቻ ሠርታችሁ ሌላውን ግማሽ ለካሜራችሁ ስጡ፤ ከአሠሪዎቻችሁ ጋርም በሚቀጥለው ወቅት ሊቀበሏችሁ በሚችሉበት መልካም ሁኔታ ተለያዩ።