ስሸነፍ ምክንያቱን የሚያሳየኝ ጌም ነው የሚመልሰኝ

ወንድማችን ያቀረበው ጥያቄ ይህ ነው፦ በየጊዜው ብዙ ገንዘብ አውጥቶ አዲስ የቪዲዮ ጌም ይገዛል፤ ሁለት ሳምንት ያህል ከተጫወተ በኋላ ይሰለቸውና ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ወደሚያውቃቸው ጌሞች ይመለሳል። ችግሩ ከእርሱ ይሁን ከጌሞቹ ማወቅ ይፈልጋል፤ እኛም ደጋግመን የምንመለስበትን ጌም ከነምክንያቱ እንድንነግረው ጠይቋል። ከእኔ በፊት የመለሳችሁ አብዛኞቻችሁ «ትዝታ ነው» ብላችኋል። ትዝታ ድርሻ እንዳለው አልክድም፤ ነገር ግን በትዝታ ብቻ የተመለስኩባቸው ጌሞች ከአንድ ምሽት በላይ አላቆዩኝም። በድሮው የኖኪያ ስልክ ላይ የነበረችውን የእባቧን ጌም ከጥቂት ዓመታት በፊት ፈልጌ አግኝቼ ስልኬ ላይ ጫንኳት፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳልጫወት አጠፋኋት። በእኔ ልምድ ወደ ራሱ የሚመልሰኝ ጌም፣ ስሸነፍ ለምን እንደተሸነፍኩ በግልጽ የሚያሳየኝና ጥፋቱ የእኔ መሆኑን የሚያሳምነኝ ነው። ይህን ያስተማሩኝ ሁለት ጌሞች ስለሆኑ ስለ እነርሱ በዝርዝር እጽፋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

በሰፈራችን አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበር። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን 2፣ ከጣውላ የተሠራ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ ደግሞ ጆተኒ ነበረው። ደንቡ የታወቀ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። የምንጫወተው የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኩባንያ ኮናሚ በ2006 ለገበያ ያቀረበውን የእግር ኳስ ጌም፣ ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 6ን፣ ሲሆን ሁላችንም በአጭሩ «ፔስ» እንለው ነበር። በዚያ ቤት ከእኔ በሁለት ዓመት የሚያንስ አንድ ልጅ ለወራት ያለማቋረጥ አሸንፎኛል። ሁልጊዜ የሚመርጠው ኢንተር ሚላንን ነው፤ የኢንተሩ አድሪያኖ ደግሞ የመምታት ኃይሉ ጌሙ የሚሰጠው ትልቁ ነጥብ፣ 99፣ ስለነበር ኳሷ ለግራ እግሩ ከተመቻቸች ከሳጥን ውጭም ቢሆን አይምርም። እኔም የምሸነፈው በአድሪያኖ ነው ብዬ አምን ነበር። አንድ ቅዳሜ ይህንኑ ስነግረው ምንም ሳይከራከር ኢንተርን ለእኔ ሰጠኝና እርሱ ደካማ ከሚባሉት ቡድኖች አንዱን መረጠ። 2 ለ 0 አሸነፈኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራዬን ስጠብቅ ቴሌቪዥኑን ትቼ የልጁን እጆች መመልከት ያዝኩ። እኔ የሩጫዋን ቁልፍ፣ አር1ን፣ ጨዋታው ከተጀመረ እስኪያልቅ ድረስ ተጭኜ ነው የምይዛት፤ ተጫዋቼ ስለሚፈጥን ጥሩ እያደረግኩ ይመስለኝ ነበር። እርሱ ግን ጣቱን አሳርፎባት ቶሎ ያነሣል። ሩጫው ላይ ሳለ ተጫዋቹ ኳሷን አርቆ ስለሚገፋት ተከላካይ በቀላሉ ይነጥቀዋል፤ ጣቱ ሲነሣ ኳሷ ወደ እግሩ ትጠጋለች። በመከላከል ላይ ደግሞ ልዩነታችን የባሰ ነበር። ካሬው ቁልፍ ሁለተኛ ተከላካይ ኳስ ወደያዘው ተጋጣሚ እንዲሮጥ ያዛል፤ እኔ በድንጋጤ ይህን ቁልፍ ስይዘው ያ ተከላካይ ቦታውን ጥሎ ይወጣና ከኋላው ሰፊ ክፍተት ይፈጠራል። ልጁም የሚጠብቀው ያንን ብቻ ነበር፤ በሦስት ማዕዘኑ ቁልፍ ኳሷን ወደ ክፍተቱ ይልካታል፣ አጥቂው ከበረኛው ጋር ብቻውን ይገናኛል። ለወራት የገቡብኝ ጎሎች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ የገቡ መሆናቸውን ስረዳ የተሰማኝ ደስታ ከማሸነፍ የማይተናነስ ነበር። ምክንያቱም በሽንፈቴ ውስጥ የነበረው ሰው አድሪያኖ ሳይሆን እኔ ራሴ መሆኔን አወቅኩ፤ ራሴን ደግሞ ማረም እችላለሁ።

ፔስ 6 ከዛሬዎቹ ጌሞች ጋር ሲነጻጸር ብዙ ይጎድለዋል። የጀርመን ቡንደስሊጋ አልነበረበትም፤ ከጀርመን የነበረው ባየርን ሙኒክ ብቻ ነው። ሊቨርፑል በፈቃድ ጉዳይ ምክንያት «መርሲሳይድ ሬድ» በሚል ስም ነበር የገባው፤ የሊቨርፑል ደጋፊ የሆነው ጓደኛችንም በዚያው ስም ያለ ቅሬታ ይጫወትበት ነበር። ይህ ሁሉ ጉድለት እያለ ዛሬም በኮምፒውተር ላይ የተጫዋቾቹን ስምና ማልያ እያደሱ የሚጫወቱት አሉ። ኮናሚ ራሱ በ2021 የጌሙን ስም ለውጦ ኢፉትቦል ቢለውም እነዚህ ሰዎች ከአሮጌው አልተነሡም። የሚወዱት ምስሉን ቢሆን ኖሮ በጣም የተሻለ ምስል ያለው በየዓመቱ ይወጣል፤ የያዛቸው ግን ጣትህ ያደረገው ሁሉ ሜዳው ላይ ሳይዛባ መታየቱ ይመስለኛል።

አዲሶቹን ሁሉ አልኮንንም፤ ነገር ግን ለጠያቂው መሰልቸት አንድ ምክንያት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው ብዬ አምናለሁ። በፊፋ ጌሞች ከ2009 ጀምሮ የታወቀው አልቲሜት ቲም የሚባለው አጨዋወት ተጫዋቾችን በካርድ መልክ እያሰባሰቡ ቡድን መገንባት ነው። የታሸጉት ካርዶች በውስጣቸው ምን እንዳለ ሳይታወቅ በጨዋታ በሚገኝ ሳንቲም ወይም በእውነተኛ ገንዘብ ይገዛሉ። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ በ2018 ይህን ዓይነቱን ሽያጭ ከቁማር ስለመደበው፣ በ2019 መጀመሪያ ላይ በዚያ አገር ካርዶቹን በእውነተኛ ገንዘብ መግዛት ቀርቷል። የእኔ ቅሬታ ግን ከሕጉ ይልቅ ከሽንፈቱ ጋር ነው። በእንዲህ ያለ አጨዋወት ስሸነፍ በጣቴ ተሸነፍኩ ወይስ በተጋጣሚዬ ኪስ የሚለውን መለየት አልችልም፤ መለየት ካልቻልኩ የምማረው የለም፤ የምማረው ከሌለ ደግሞ ነገ የምመለስበት ምክንያት አይኖረኝም። ስብስቡም ቢሆን አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ከዜሮ ይጀመራል። በየቀኑ ገብተው ስጦታ እንዲወስዱ የሚያደርጉት ጌሞችም እንዲሁ ናቸው፤ ሰው የሚገባው ናፍቆት ሳይሆን ስጦታው እንዳያመልጠው ፈርቶ ስለሆነ ያንን መመለስ አልለውም።

ሕጉ ሳይለወጥ ሰው ምን ያህል ሊያድግ እንደሚችል ለማየት ግን ከላይ የሚወርዱ ቅርጾችን እየገጣጠሙ መስመር ከሚሞሉበት ጌም፣ ከቴትሪስ፣ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። አሌክሲ ፓጂትኖቭ ሞስኮ ውስጥ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲሠራው የነበሩት ሰባቱ ቅርጾች ዛሬም ሰባት ናቸው። በ1989 ለኒንቴንዶ የቤት ማሽን በወጣው እትም ደረጃ 29 ላይ ቅርጾቹ የሚወርዱበት ፍጥነት እጅግ ከፍተኛ በመሆኑ፣ የአቅጣጫ ቁልፉን ተጭኖ በመያዝ ብቻ ቅርጹን እስከ ጠርዝ ማድረስ አይቻልም ነበር፤ ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ያ ደረጃ የሰው ልጅ ማብቂያ ተደርጎ ይታይ ነበር። ተጫዋቾቹ ግን የእጃቸውን አያያዝ ለወጡ፤ መጀመሪያ ቁልፉን በጣም በፍጥነት እየደጋገሙ መምታት፣ በኋላም አውራ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አሳርፈው በሌላው እጅ ጣቶች የጆይስቲኩን ጀርባ እየተፈራረቁ መምታት ጀመሩ። በታኅሣሥ 2023 የ13 ዓመት አሜሪካዊ ታዳጊ ደረጃ 157 ደርሶ ጌሙ ራሱ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ቆመ። በእነዚያ 34 ዓመታት ውስጥ የተለወጠው ሰው ብቻ ነው። ዜናውን ባነበብኩ ጊዜ ለልጁ የተሰማኝ ኩራት ለቅርብ ዘመድ የሚሰማ ዓይነት ነበር።

ዛሬ እኔ ራሴ በየሳምንቱ የምመለስበት ጌም በ1999 የወጣው ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ነው። ለማያውቁት በአጭሩ፣ በአንድ የከተማ ማዕከል፣ በሦስት ሠራተኛና በአንድ ቃኚ ፈረሰኛ ተነሥተህ ምግብ፣ እንጨት፣ ወርቅና ድንጋይ እየሰበሰብክ መንግሥት የምትገነባበትና የምትዋጋበት ጌም ነው። ብዙ ሰው ጌሙ የጦርነት ይመስለዋል፤ እኔም ለዓመታት እንዲያ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ያስረዳኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። እርሱ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው፤ እሁድ እሁድ ለእኔ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን በበጋቸው ወራት ለእርሱ ከቀኑ 8 ሰዓት ስለሆነ ለሁለታችንም በሚመቸው በዚያ ሰዓት እንገናኛለን። በተከታታይ ስድስት ሳምንት ሲያሸንፈኝ ፈረሰኞቹ በዝተውብኝ ነው እያልኩ አማርር ነበር። ጌሙ ጨዋታውን መዝግቦ ስለሚያስቀምጥ አንድ እሁድ አብረን መልሰን አየነው፤ እርሱም ጦርነቱን ጨርሶ ሳያሳየኝ መጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ አቆመው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠራተኞችን የሚያመርተው የከተማ ማዕከሉ ነው፤ አንድ ሠራተኛ ለመፍጠር 50 ምግብና 25 ሰከንድ ያስፈልጋል። ሲጀመር ያለህ ምግብ 200 ስለሆነ አራት ሠራተኛ ማዘዝ ትችላለህ፤ ስለዚህ 100 ሰከንድ ሳይሞላ በጎቹን አግኝተህ ማረድ ካልጀመርክ ማዕከሉ ሥራ ይፈታል። ቀጥሎ የዱር አሳማው አለ። 340 ምግብ ይሰጣል፤ ነገር ግን አንድ ሠራተኛ ልከህ በቀስት ከወጋኸው በኋላ ሠራተኛው እየሮጠ አሳማውን ወደ ማዕከሉ መሳብ፣ እዚያ የሚጠብቁት ደግሞ በኅብረት መግደል አለባቸው። ለአፍታ ከዘገየህ ሠራተኛው ይሞታል። ወንድሜ በተቀረጸው ጨዋታ ላይ እኔ አሳማውን ስከታተል ማዕከሌ ምንም ሳያመርት የቆየበትን ጊዜ በእስክሪብቶ እየመዘገበ ደመረው፤ በጠቅላላው አራት ደቂቃ ሆነ። አራት ደቂቃ በ25 ሰከንድ ሲካፈል ዘጠኝ ሠራተኛ ነው። የእርሱ ፈረሰኞች የበዙብኝ እኔ ካልፈጠርኳቸው ከእነዚያ ዘጠኝ ሠራተኞች የተነሣ ነበር። ጦር ሜዳ ላይ የደረሰብኝ ሽንፈት ከግማሽ ሰዓት በፊት ማንም ሳያየው ተወስኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ያንን አራት ደቂቃ ወደ ሁለት፣ ከዚያም ወደ አንድ ለማውረድ ወራት ፈጅቶብኛል፤ እያንዳንዱንም እሁድ በጉጉት እንድጠብቅ ያደረገኝ ይኸው ነው።

ዓረቢያ የሚባለው የጌሙ ካርታ፣ ማለትም የምንጫወትበት ምድር፣ በየጨዋታው በአዲስ መልክ ስለሚዘጋጅ በጎቹና ወርቁ ያሉበትን ቦታ በቃል መያዝ አይቻልም፤ ሕጉ ግን ያው ነው። በቃል የተያዘ ነገር ይሰለቻል፣ በየጊዜው የሚለዋወጥ ሕግ ደግሞ ያደክማል፤ ይህ ጌም በሁለቱ መካከል ቆሟል። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለው። በ2015 በወጣው አፍሪካን ኪንግደምስ በተባለው ጭማሪ ኢትዮጵያውያን ከማሊ፣ ከበርበሮችና ከፖርቱጋሎች ጋር ገብተዋል፤ የዮዲት ታሪክም ራሱን የቻለ ዘመቻ ሆኖ ተሠርቷል። የኢትዮጵያ ቀስተኞች ከሌሎች ይልቅ በፍጥነት ይወረውራሉ፤ ሾተል የያዘው ተዋጊም ቶሎ ይሠለጥናል፣ ክፉኛ ይመታል፣ ግን ጋሻው ስስ ስለሆነ ቶሎ ይወድቃል። ሠራተኛዬን ስነካው በአማርኛ ሲመልስልኝ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ወዲያው ወንድሜ ጋር ደወልኩ። ያም ሆኖ በአማርኛ መናገሩ ብቻ ለዓመታት አያቆየኝም ነበር። ያቆየኝ ከጨዋታው በኋላ የምናወራው ነው፤ ሽንፈቱ ምክንያት ስላለው ወሬም አለው። ስለ ማዕከሉ ጀምረን ስለ እናታችን ጤንነት፣ ስለ እርሱ ሥራ፣ ስለ ልጆቹ አማርኛ እናወራና ስልኩን የምንዘጋው እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ጥያቄህን በቀጥታ ለመመለስ፣ ሁለት ሳምንት ተጫውተህ የተውካቸው ጌሞች ታሪክ የሚነግሩ ከሆኑ ምንም አላጠፋህም፤ ታሪኩ አልቋል፣ አንተም ጨርሰሃል። የውድድር ጌሞች ከሆኑ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ስትሸነፍ «ምን ባደርግ ኖሮ አልሸነፍም ነበር?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። መልሱ ከእጅህ የሚመጣ ከሆነ ጌሙን አትሽጠው፤ ከኪስህ የሚመጣ ከሆነ መሰልቸትህ ትክክል ነው።

ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2ን ልትሞክር ካሰብክ በ2019 የታደሰውን እትም ውሰድ። ኢትዮጵያውያንን መርጠህ ብትጀምር መንግሥትህ አድጎ ወደሚቀጥለው የጌሙ ደረጃ፣ ማለትም ወደ አዲስ ዘመን፣ በተሸጋገርክ ቁጥር 100 ምግብና 100 ወርቅ ስለሚሰጥህ የጀማሪ ስህተትህን በመጠኑ ይሸፍንልሃል። ለመጀመሪያው ሳምንት ጦርነቱን እርሳውና ማዕከልህ ሥራ እንዳይፈታ ብቻ ተለማመድ፤ አሳማውን እንዴት እንደሚስቡት ደግሞ እኔ በድምፅ እያስረዳሁ አሳይሃለሁ። እሁድ ከምሽቱ 3 ሰዓት እኔና ወንድሜ እንገባለን፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ከሚመራቸው ተጋጣሚዎች ጋር ለመጫወት ሁልጊዜ ሦስተኛ ሰው ይጎድለናል።