«ለማይታይ ነገር ዕድሜሽን አትፍጂ» ለተባለችው ተማሪ

በማይክሮባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪሽን ልትጨርሺ እንደሆነ፣ ለሁለተኛ ዲግሪሽ በውኃ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት የናኖ ቅንጣቶችን ብክለት እንዴት እንደሚቋቋሙ ማጥናት እንደምትሺ፣ አባትሽ ግን «ለማይታይ ነገር ዕድሜሽን አትፍጂ፤ ሥራ ያዢና ታናናሾችሽን አስተምሪ» እንዳሉሽ ጽፈሻል።

የናኖ ቅንጣት ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር (አንድ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) የሚለካ ስለሆነ በእርግጥም ለዓይን አይታይም፤ ጉዳቱ ግን ይታያል። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት በአንድ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ላቦራቶሪ ለዓመታት ስሠራ፣ በየማለዳው አንዲት የዝቃጭ፣ ማለትም ፍሳሹን የሚያጠሩ ሕዋሳት የሚኖሩበት ጭቃ መሳይ ድፍድፍ፣ ጠብታ በማይክሮስኮፕ እመለከት ነበር። በደኅና ቀን እንደ ደወል ያሉት ባለዘንግ ፕሮቶዞዋዎች (ባለአንድ ሕዋስ ረቂቅ ፍጥረታት) ባክቴሪያ ሲለቅሙ አያለሁ፤ መርዝ በገባ ቀን ተኮማትረው ወይም ጠፍተው ይቆዩኛል። አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎችም አዝጋሚ አዳጊዎችና ለመርዝ ስሱ ስለሆኑ፣ ሲጎዱ በሚወጣው ውኃ ውስጥ አሞኒያው ከፍ ይላል።

ልታጠኚ ያሰብሽው ይህንኑ ነው። ከልብስ ታጥቦ የሚወጣ የብር ናኖ ቅንጣት አየኖችን (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን የብር አተሞች) እየለቀቀ ሕዋሳትን ይጎዳል፤ በባዮፊልም፣ ማለትም ተጣብቀው በሚሠሩት ስስ ሽፋን፣ ውስጥ የሚኖሩት ግን ራሳቸው ባመነጩት አጣባቂ ንፍጥ ቅንጣቶቹን ይይዛሉ፣ አንዳንዶቹም ብሩን ገፍተው የሚያስወጡ የፕሮቲን ፓምፖች አሏቸው። ኦክስጅን በሌለበት ዝቃጭ ደግሞ ብሩ ከሰልፋይድ (ከድኝ ውሑድ) ጋር ሲዋሐድ መርዛማነቱ በእጅጉ ይቀንሳል። እኔን አጥብቆ የሚያሳስበኝ፣ ብርን ለመቋቋም የሚያስችሉት ጂኖች አንቲባዮቲክን ከሚቋቋሙት ጋር በአንድ ፕላዝሚድ (ባክቴሪያዎች እርስ በርስ ሊተላለፉት በሚችሉት ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት) ላይ የሚገኙበት ጊዜ መኖሩ ነው፤ ይህን የሚከታተል ባለሙያ ያስፈልገናል።

አባትሽ ስለ ደመወዝ መጠየቃቸው ተገቢ ነው። የታናናሾችሽን ትምህርት በሙሉ በአንቺ የመጀመሪያ ደመወዝ ላይ መጣላቸው ግን ልክ አይደለም፤ በአክብሮት፣ ነገር ግን ሳትሸሽጊ ንገሪያቸው። የምትችይውን ያህል ቁርጥ አድርገሽ ቃል ግቢላቸው፤ ከዚያ በላይ አትግቢ።

የእኔ ምክር በመጀመሪያ በውኃ ወይም በፍሳሽ ማጣሪያ ላቦራቶሪ ተቀጥረሽ አንድ ሁለት ዓመት እንድትሠሪ፣ ከዚያም ጥናቱን እንድትጀምሪ ነው። እስከዚያው ዲኤንኤ ከዝቃጭ ማውጣትንና የ16ኤስ ጂን (የባክቴሪያን ዓይነት ለመለየት የሚያገለግል ጂን) መረጃ መተንተንን ተማሪ። ለምርምር አማካሪ ስትጽፊም፣ ሙከራቸውን የሚያካሂዱት ከጣቢያ በመጣ ዝቃጭ መሆኑን ጠይቂ፤ በንጹሕ ውኃ ውስጥ በአንድ ዓይነት ባክቴሪያ ላይ ብቻ የሚሠሩ ከሆነ ሌላ አማካሪ ፈልጊ።