አንድ ጣት ይበቃል ወይ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ቤዝ ጊታር ከጀመርክ ስምንት ወርህ ነው። በአንድ ጣት ብቻ ስለምትመታ ጓደኞችህ ሳቁብህ። «በዚህ ሥራ ኑሮ ይገፋል ወይ?» ብለህም ጠይቀሃል። አሥራ ስድስት ዓመት ስለቆየሁበት ያየሁትን ልንገርህ።

የጣቱን ነገር እርሳው። ጄምስ ጀመርሰንን ስማ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የወጡትን የሞታውን (በአሜሪካ፣ ዲትሮይት ከተማ የነበረ የሸክላ ኩባንያ ነው) ዘፈኖች ሰምተህ ከሆነ ሳታውቀው ሰምተኸዋል፤ እጅግ ብዙዎቹ ላይ ቤዙን የመታው እሱ ነው። በቀኝ እጁ የሚጠቀመው አመልካች ጣቱን ብቻ ነበር። «መንጠቆ» የሚል ስም ሁሉ ወጥቶላታል።

ሰውየው ከጃዝ ነው የመጣው። ተወልዶ ካደገበት ሳውዝ ካሮላይና በ1954 እ.ኤ.አ. ዲትሮይት ገባ። እዚያ ተማሪ ሳለ ኮንትራባስ (ቆመው የሚጫወቱት ትልቁን ቤዝ) ጀመረ። ኤሌክትሪክ ቤዝ የያዘው በኋላ ነው። ስቱዲዮ ውሎ ማታ ክለብ ገብቶ ጃዝ ይጫወት ነበር። ለዚህ ነው ሩት (የኮርዱ መነሻ ድምፅ) ላይ ተተክሎ የማይቀረው። ግማሽ ድምፆቹን እየረገጠ፣ ባዶ ክር ነካ እያደረገ ይሄዳል። «በርናዴት» የሚለውን የፎር ቶፕስ ዘፈን ለማጥናት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ጣቴ ቶሎ ለመደው፤ ያስቸገረኝ ጆሮዬ ነው።

ደግሞ ክር አይቀይርም ነበር! ካልተበጠሰ አይነካውም። (ክር መግዛት ለሚከብደን ጥሩ ሰበብ ነው።) ፌንደር ቤዙ ላይ ወፍራም ልሙጥ ክር አስሮ፣ ብሪጁ (ክሩ የሚያርፍበት ብረት) ጋ ስፖንጅ ነበረው። እኔም የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቆርጬ ክሩ ሥር ሸጎጥኩ። ድምፁ አጠር፣ ድፍን አለ። ችክችካ ላይ በተለይ ይጠቅማል፤ ድራመሩ በእግሩ ከሚመታው ትልቅ ከበሮ ጋር አትላተምም።

ኑሮውን በተመለከተ ግን የጀመርሰን ታሪክ ያሳዝናል። ለዓመታት ሸክላዎቹ ላይ ስሙ አልተጻፈም። በ1971 በወጣው የማርቪን ጌይ አልበም ላይ ነው ስሙ በክብር የሰፈረው። ሞታውን ወደ ሎስ አንጀለስ ሲሄድ ተከተለ፤ ሥራው ቀዘቀዘ፣ መጠጡ በረታ። በ1983 በ47 ዓመቱ ሞተ። ታላላቅ ሙዚቀኞች የሚከበሩበት የአሜሪካው ሮክ ኤንድ ሮል ሆል ኦፍ ፌም የገባው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው።

እኔም ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሙሉ አልበም በቃል ስምምነት ሠርቻለሁ። ስሜ አልወጣም። ግማሹ ክፍያ «ነገ ዛሬ» እንደተባለ ቀረ። አሁን ቤዜን ከቦርሳ ሳላወጣ ስንት ዘፈን፣ ስንት ብር፣ መቼ እንደሚከፈል፣ ስሜ እንዴት እንደሚጻፍ እናገራለሁ። ወረቀት ማስፈረም ቢያሳፍርህ እንኳ ለሚያሠራህ ሰው በቴሌግራም ጻፍለት።

ከቤዝ ብቻ ለእኔ ኑሮ አልወጣም። ቀን አስተምራለሁ፤ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ማታ ሆቴል እጫወታለሁ። ሁዳዴ ሲገባ ሠርጉም ክለቡም ጭር ይላል፤ ለዚያ ጊዜ የሚሆን ከጥር ሠርግ አስቀምጣለሁ። ልትገዛው ያሰብከውን ባለ አምስት ክር ቤዝ ለጊዜው ተወው፣ ገንዘብህን ያዝ።

ስፖንጁን ስትሞክረው ቀድተህ ላክልኝ፣ ልስማው።