በ2018 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ያረፈው እንግሊዛዊው ኬን ዶድ ኮሜዲያን ነበር ወይስ ዘፋኝ?

ሁለቱንም ነበር ወንድሜ። ግራ ያጋባህ ዘፈኑ ውስጥ ቀልድ አለመኖሩ ይመስለኛል። በመድረክ ላይ ጸጉሩ ተንጨባርሮ፣ ጥርሱ ወደ ፊት ወጥቶ፣ ላባ መጥረጊያ እያወዛወዘ ያስቅ ነበር፤ ማይክሮፎኑን ይዞ ሲዘፍን ግን ፍጹም የምር ነበር። «ቲርስ» የተባለው ዘፈኑ በ1965 (በፈረንጅ አቆጣጠር) እንግሊዝ ውስጥ 5 ሳምንት 1ኛ ሆኖ ከሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ያውም ቢትልስ በነገሡበት ዓመት፤ እነሱም እንደ እሱ የሊቨርፑል ልጆች ናቸው!

ትወናውን ብዙዎች ይረሱታል። በ1971 ሊቨርፑል ፕሌይሃውስ በተባለው ቲያትር ቤት የሼክስፒር ተውኔት ገጸ ባሕርይ የሆነውን ማልቮሊዮን ተጫውቷል። በፊልም ማየት ከፈለግክ የ1996ቱን «ሀምሌት» ክፈትና በቀጥታ ወደ መቃብሩ ትዕይንት እለፍ፤ የራስ ቅሉ የሚገኘው ሟቹ የንጉሥ ቀልደኛ ዮሪክ እሱ ነው። ብልጭ ብሎ ስለሚጠፋ እንዳያመልጥህ፤ የራስ ቅሉን ጥርስ ልብ በል።